ኖርዌይ ውስጥ የማይበቅለው የኖርዌይ ኬክ

ሜይ 17 (በእኛ ግንቦት 9) የኖርዌይ የሕገ መንግሥት ቀን ነው። ልጆች ባንዲራ እያውለበለቡ በየጎዳናው ይሰለፋሉ። ቤት ሲገባ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛው መሀል ላይ ግንብ የሚመስል ኬክ ይጠብቃል። ከታች ሰፋ ብሎ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ 18 ቀለበቶች አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረው የሚሠራ ነው። ነጭ የስኳር ክሬም እንደ ጥልፍ ይዞርበታል፤ ትንንሽ የወረቀት ባንዲራም ይሰካበታል። ስሙ ክራንሰካከ ነው፣ "የጉንጉን ኬክ" እንደማለት። በሠርግም በገናም አይጠፋም።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። እኛ ዘንድ አንድ የማይታለፍ ልማድ አለ፦ የአንድን ነገር ነገረ ሥራ ማወቅ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የገባውን ሁሉ መዝኑ። ስለዚህ ይህን ኬክ ቤቴ ለመጋገር ስነሳ ከሚዛኑ ጀመርኩ። የተለመደው አሠራር 500 ግራም የተፈጨ አልመንድ፣ 500 ግራም የዱቄት ስኳርና የ4 እንቁላል ነጭ ነው። የአንድ እንቁላል ነጭ 33 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ጠቅላላው ሊጥ 1,130 ግራም አካባቢ ይሆናል። በመቶኛ ስናሰላው አልመንድ 44፣ ስኳር 44፣ እንቁላል 12። የስንዴ ዱቄት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እርሾ የለም። በቃ ይኸው ነው።

እስኪ አሁን ካርታ አውጡ። የአልመንድ ዛፍ የሚወደው እንደ ሜዲትራኒያን ዳርቻ ያለ ሞቃትና ደረቅ በጋ ነው። ሸንኮራ አገዳም የሞቃት አገር ተክል ነው። ኖርዌይ ለሁለቱም አትመችም። ስለዚህ ኬኩ ሲወለድ ከመቶው 88ቱ እጅ ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር፤ የአገሬው ዶሮ የምታዋጣው 12 ብቻ። ታዲያ እንዲህ ያለ ኬክ እንዴት የኖርዌይ ብሔራዊ በዓል ኬክ ሆነ? መልሱን ለማግኘት ሁለቱን 44ቶች እስከ መነሻቸው እንከተላቸው።

የመጀመሪያው 44፦ አልመንድ

በቅድሚያ የስሙን ነገር እናጥራ። ሱቅ ሄዳችሁ "ለውዝ" ብትሉ የሚሰጣችሁ ኦቾሎኒ ነው። በዐረብኛ ግን ለውዝ ማለት አልመንድ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የአሮን በትር አፈራችው የተባለው ለውዝም ይኸው አልመንድ ነው። ኦቾሎኒ ከደቡብ አሜሪካ የተገኘ፣ በቀሪው ዓለም ከታወቀ 500 ዓመት ገደማ ብቻ የሆነው እንግዳ ነው። መጣና የባለቤቱን ስም ወረሰ። ስለዚህ እዚህ "አልመንድ" እያልን እንቀጥል።

የዱር አልመንድ መራራ ብቻ ሳይሆን መርዝም ነው። አሚግዳሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ፍሬው ሲታኘክ ይህ ንጥረ ነገር ይፈርስና ሳያናይድ ይለቃል። ጥንት በምዕራብ እስያ የነበሩ ገበሬዎች ፍሬያቸው የማይመርር ዛፎችን እየመረጡ ተከሉ። ምክንያቱን በጂን ደረጃ ያሳየው ሳይንስ በተባለው መጽሔት በ2019 የወጣ ጥናት ነው። አሚግዳሊን የሚሠሩትን ጂኖች የሚቀሰቅስ አንድ ጂን አለ፤ በጣፋጩ አልመንድ ውስጥ እሱ ላይ በደረሰ ትንሽ ለውጥ የተነሳ የመርዙ ፋብሪካ ሳይነሳ ይቀራል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጣፋጩ አልመንድ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ተዛመተ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ሰሜን ወጣ። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን በጾም ወተት ስለማይጠጡ አቅም ያላቸው ቤቶች አልመንድ ፈጭተው "ወተት" ያወጡ ነበር። የጾም ወጥ አሳምሮ መሥራት ለሚያውቅ አገር ሰው ይህ ብልሃት እንግዳ አይሆንም።

ሁለተኛው 44፦ ስኳር

ክራንሰካከ መጀመሪያ የተጋገረው በ1700ዎቹ ኮፐንሀገን ውስጥ እንደሆነ ይነገራል። በዚያ ዘመን ዴንማርክና ኖርዌይ በአንድ ንጉሥ ሥር ነበሩ፣ መናገሻቸውም ኮፐንሀገን ነበረች። ዴንማርኮች ዛሬም ይህን ኬክ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ይበሉታል።

ይህ መንግሥት በካሪቢያን ባሕር ሦስት ደሴቶች ነበሩት፦ ሴንት ቶማስ፣ ሴንት ጆን እና በ1733 ከፈረንሳይ የገዛት ሴንት ክሮይ። በተለይ ሴንት ክሮይ የሸንኮራ አገዳ ደሴት ሆነች። አገዳ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ካልተጨመቀ ስኳሩ መበላሸት ይጀምራል። ስለዚህ በምርት ወቅት መጭመቂያው ሌት ተቀን ይሠራል፣ የጋለ ጭማቂ ያለበት ትልቅ ድስትም ከእሳት አይወርድም። ያን ሁሉ የሚቆርጡት፣ የሚሸከሙት፣ የሚያፈሉት ከአፍሪካ በግድ ተወስደው በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። የዚህ መንግሥት መርከቦች በአትላንቲክ ላይ የጫኗቸው አፍሪካውያን ከ100 ሺህ በላይ ናቸው።

ከመርከቦቹ አንዷ ፍሬደንስቦርግ ትባል ነበር። በ1767 ከኮፐንሀገን ተነሳች፣ ዛሬ ጋና በምንለው ዳርቻ ሰዎችን ጫነች፣ በ1768 ሴንት ክሮይ ላይ አራገፈቻቸው፤ እዚያም ተሸጡ። ስትመለስ ስኳር፣ የማሆጋኒ እንጨትና የዝሆን ጥርስ ይዛ ነበር። ዲሴምበር 1 ቀን 1768 ደቡብ ኖርዌይ ውስጥ አሬንዳል ከተማ አጠገብ ማዕበል ከቋጥኝ ጋር አላተማት። ሰዎቹ ተረፉ፣ መርከቧ ሰጠመች። በ1974 ጠላቂዎች ቅሪቷን ከባሕሩ ወለል አገኙት። የዝሆን ጥርሱ እዚያው ነበር። ስኳር ግን ውኃ ውስጥ 200 ዓመት አይቆይም።

በ1792 ንጉሡ ሰው በመርከብ ጭኖ መነገድ ከ1803 ጀምሮ እንዲቆም አዘዘ። ልብ በሉ፣ የቆመው ንግዱ እንጂ ባርነቱ አልነበረም። በሜይ 17 ቀን 1814 ኖርዌጅያውያን ኤይድስቮል በተባለ ቦታ ሕገ መንግሥታቸውን ፈረሙ፤ በዚያው ዓመት ከዴንማርክ ጋር የነበራቸው አንድነትም አከተመ። ደሴቶቹ ለዴንማርክ ቀሩ። ሴንት ክሮይ ላይ በባርነት የነበሩት ነጻ የወጡት በጁላይ 3 ቀን 1848 ነው፤ ያውም ራሳቸው በሺዎች ተነስተው አገረ ገዢውን ስላስገደዱት። ልዩነቱን አስሉት፣ 34 ዓመት ነው። በ1917 ዴንማርክ ሦስቱንም ደሴቶች በ25 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ ሸጠች።

በዚህ መሀል ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። በ1747 በርሊን ውስጥ አንድሬያስ ማርግራፍ የተባለ ኬሚስት በስኳር ድንች ሳይሆን በሥር ተክሉ ቀይ ሥር ዘመድ ውስጥ ከአገዳው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ስኳር አገኘ። ተማሪው ፍራንዝ አካርድ በ1801 የመጀመሪያውን ፋብሪካ ከፈተ። በ1800ዎቹ ስኳር በመላ አውሮፓ እየረከሰ መጣ፤ የቤተ መንግሥት ቅንጦት የነበረው ነገር ተራ ሰው ኩሽና ገባ።

ወደ ኩሽና

አሁን እንጋግር። አልመንዱን ከነልጣጩና ያለ ልጣጩ እኩል አድርጋችሁ ፍጩ፤ ከስኳሩና ከእንቁላሉ ነጭ ጋር አዋሕዳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ከዚያ የጣት ውፍረት ባለው ገመድ መልክ ተንከባሎ ቀለበት ይሆናል። ኖርዌጅያውያን ሦስት ሦስት ቀለበት የሚይዙ ስድስት መጋገሪያዎች አሏቸው። እኛ ከሌለን ሒሳብ አለን፦ የክብ ዙሪያ ከዲያሜትሩ 3.14 እጥፍ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀለበት ካለፈው በ1 ሴንቲሜትር እንዲሰፋ ገመዱን በ3 ሴንቲሜትር ገደማ ማስረዘም ነው። የመጀመሪያው 12 ሴንቲሜትር ከሆነ 18ኛው 63 ይደርሳል። በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል።

የእኔ የመጀመሪያ ግንብ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እንቁላሎቹ ትልልቅ ስለነበሩ ሊጡ ረጠበ፤ ቀለበቶቹ ምድጃ ውስጥ ተዘርግተው እርስ በርስ ተጣበቁ። ሊጡን የሚይዝ የስንዴ ግሉተን የለም። ቅርጹን የሚያቆመው በሙቀት የሚረጋው የእንቁላል ፕሮቲን ብቻ ነው፤ ውኃ ከበዛ ፕሮቲኑ ሳይረጋ ስኳሩ ቀልጦ ይሸሻል። በሁለተኛው ሙከራ አራተኛውን እንቁላል በማንኪያ እየለካሁ ጨመርኩ፣ ቆመ። ሲበርድ ከደረቀባችሁ ከአንድ ቁራጭ ዳቦ ጋር ክዳን ባለው ዕቃ አሳድሩት። ስኳር እርጥበት ስለሚስብ የዳቦው ውኃ ወደ ኬኩ ይሄዳል፤ ጠዋት ዳቦው ደርቆ ኬኩ ለስልሶ ታገኙታላችሁ።

በሠርግ ላይ ሙሽሮቹ የላይኛውን ጫፍ ያነሳሉ። አብረው ተጣብቀው የተነሱት ቀለበቶች ቁጥር የሚወልዱት ልጅ ቁጥር ነው ይባላል። እንደ መሐንዲስ ካያችሁት የሚለካው የክሬሙ ጥንካሬ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ኬኩን ለማስጠላት አይደለም። እኔ በልቼዋለሁ፣ ደግሜም እጋግረዋለሁ። ግን ሚዛኑ ለእኛም ይሠራል። በፋሲካ ድስቱ ውስጥ የሚገባው በርበሬ ዘሩ የአሜሪካ ምድር ነው፤ ከ1492 በፊት አፍሪካ ውስጥ አልነበረም። ያለ እሱ ግን ዶሮ ወጥ ማሰብ ያቅተናል። በሚቀጥለው በዓል ከቤታችሁ ምግብ አንዱን ምረጡና የገባውን ሁሉ መዝኑ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ግራም ፊት ሁለት ጥያቄ ጻፉ፦ ከየት መጣ? ማን አመረተው?