ረዳቱ የት ተጻፈ?

«የምርምር ረዳት» የሚባለው ነገር በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የታወቀ ነው። የድኅረ ምረቃው ተማሪ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ያህል በፕሮፌሰሩ ጥናት ላይ ይሠራል፤ በምላሹ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፣ የወር መተዳደሪያም ይቆረጥለታል። በእኛ አገር «ግራጁዌት አሲስታንት» ሲባል ግን የሚታሰበን ከመጀመሪያ ዲግሪው እንደወጣ የተቀጠረ ጀማሪ መምህር ነው። ለመሆኑ ይህ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ጋር ምን አገናኘው? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ ግን ነገሩን ከዚያው መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

ጋይንት የቤተልሔም ድጓና የዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት አገር ነው። በአብነት ትምህርት ቤት፣ በተለይም በቅኔ ቤት፣ «አስነጋሪ» የሚባል አለ። ከጓደኞቹ ቀድሞ የበሰለ ተማሪ ነው። የታናናሾቹን ቅኔ ይሰማል፣ ያርማል፣ የመምህሩን ሸክም ያቀላል፤ ራሱም መማሩን አይተውም። ደመወዙ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የሚያገኘው ቁራሽ ነው። ይሁን እንጂ ስም አለው። ነገ ወንበር ዘርግቶ ሲያስተምር «የእገሌ ደቀ መዝሙር» ተብሎ ይጠራል።

የዘመናዊው ምርምር ረዳት ግን ይህ ክብር ሁልጊዜ አልገጠመውም። ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ አያለሁ ብሎ ሲመጣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ሠዓሊ አስከትሎ ነበር። ባሉጋኒ ዕፀዋቱን ይሥላል፣ የአየሩን ጠባይ ይመዘግባል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ድረስ አብሮ ሄዷል፤ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ግን ረዳቱ ወደ ምንጩ ሳይደርሱ እንደሞተ አድርጎ ጻፈ፤ የሥዕሎቹንም ምስጋና ለራሱ ወሰደ። ጣሊያናዊው እንዲህ ከተረሳ፣ ውኃ ያሳየውና ዕፅዋቱን በስማቸው የጠራለት የአገሬው ሰውማ የት ይጻፍ?

ሁለት መቶ ዓመታት እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1981 ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒና የግብርና ሚኒስቴር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራምን ጀመሩ። ከወሎው ማይባር እስከ ጎጃሙ አንጀኒ ሰባት ጣቢያዎች ተቋቋሙ፤ ዝናቡ፣ ጎርፉና የሚታጠበው አፈር ሲለካ ኖረ። ዝናብ የሚለካ ሰው በዓል አያውቅም፤ አንድ ቀን ቢቀር መዝገቡ ይጎድላል። በዚያ መዝገብ ላይ ቆመው ኢትዮጵያውያን ምሁራን ወጡ። ከእነርሱ አንዱ ገቴ ዘለቀ በበርን ዩኒቨርሲቲ የሠራውን የዶክትሬት ጥናት በ2000 አሳተመ። ሆኖም ከሰባቱ ጣቢያዎች አንዱም በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ አልተተከለም። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ተነሥቶ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና ይሰድዳል፤ የምሥራቁ ውኃ ወደ ተከዜና ወደ በሽሎ ይወርዳል። የዚያ ሁሉ አፈር ሲታጠብ የቆጠረው አልነበረም።

የተስፋው ምሳሌ ግን ከዚያው ከደቡብ ጎንደር ተገኘ። አንባቢ በ«እመጓ» ልቦለዱ የሚያውቀው ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የማስተርስ ጥናቱን በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደን ላይ ሠራ፤ በ2007 በሆላንዱ ቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሆነ። በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ እርሱና ባልደረቦቹ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቆጠሩ። ከብት ባልገባበት ቦታ ችግኝ እንደሚበረክትም በአጥር ፈተኑ። ከዚያም ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎማን ጋር ሆኖ፣ ገበሬው ከማሳው የለቀመው ድንጋይ በየቅጽሩ ዙሪያ ግንብ እንዲሆን አደረገ። እነሆ፣ የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ግንብ ሆነ! ሌሎች አጥኚዎችም ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1938 ከአየር ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ከ2015 ምስል ጋር አነጻጸሩ። የአብያተ ክርስቲያናቱ ደን በአመዛኙ ቦታውን ሳይለቅ ኖሯል፤ የተራቆተው በዙሪያው የነበረው ቁጥቋጦ ነው።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ዓለማየሁ ደኑ ውስጥ ለመክረም የሚያበቃ ድጋፍ ነበረው። ድጋፍ የሌለው ተማሪ ግን ምን ያደርጋል? መጠይቁን በጥድፊያ አስሞልቶ ይመለሳል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ እ.ኤ.አ. በ2005 በተጀመረው ሴፍቲኔት የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው፤ ስለ ረሃባቸው ብዙ ተጠይቀዋል። መልሱ ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆኗል፤ ጽሑፉ በዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ንፋስ መውጫ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ ተመልሶ ሲነበብ አይታይም።

ጦርነቱም ሌላ ትምህርት ሰጥቶናል። እ.ኤ.አ. በ2021 እሳቱ ጋይንት ደርሶ ነበር፤ ከ2023 ወዲህም ክልሉ ሰላም አጥቶ ከርሟል። እንዲህ ባለ ጊዜ የውጭው ተመራማሪ ይሄዳል፤ ዝናቡ ግን መዝነቡን አይተውም። መለኪያውን የሚያነብ ካለ፣ እዚያው ያደገው ልጅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለአካባቢ ሳይንስና ፖሊሲ ተማሪዎች የሚሰጥ የምርምር ረዳትነት ቅንጦት አይመስለኝም። ማንኛውም የምርምር ገንዘብ ሲጸድቅ ለተወላጅ ተማሪ ቢያንስ የሁለት ዓመት መተዳደሪያ ይመደብ፤ ሜትር የያዘውና መንገድ የመራው ሰው ስሙ ይጻፍ፤ የጥናቱም ቅጂ በአማርኛ ተጨምቆ ለወረዳው ይድረስ። የቅኔ ቤቱ ሰው ይህን ሥርዓት ያለ በጀት አቁሞታል። ታናሹን የሚያርም ታላቅ አለው፣ ታላቁን የሚያወጣ መምህር አለው፣ ሁሉም በስሙ ይታወቃል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከዚህ የሚጎድላቸው ሥርዓቱን በደመወዝ መደገፍ ብቻ ነው። ይህም ካልሆነ የጉና አፈር መታጠቡን ይቀጥላል፤ ስንት እንደታጠበ የሚነግረንም እንግዳ ይሆናል።