ከንስሩ መንቁር ሥር

ጦርነቱ በአውሮፓ ካበቃ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። በነሐሴ 1945 እ.ኤ.አ. ፓዮኒሮች የሚባሉት የሶቪየት የልጆች ድርጅት አባላት ሞስኮ ለነበሩት የአሜሪካ አምባሳደር ለአቨረል ሃሪማን ስጦታ አበረከቱ፦ ከእንጨት የተቀረጸ፣ ክንፉን የዘረጋ ንስር ያለበት የአሜሪካ ብሔራዊ አርማ። ናዚን አብሮ የወጋ አገር ልጆች ያመጡትን ስጦታ ማን አልቀበልም ይላል? አርማው ስፓሶ ሃውስ በሚባለው የአምባሳደሩ መኖሪያ፣ በሥራ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ሰባት ዓመት እዚያው ቆየ። ሃሪማን ተሰናብተው ዋልተር ቤደል ስሚዝ መጡ፤ ከዚያ አለን ከርክ፣ በመጨረሻም ጆርጅ ኬናን። ቀዝቃዛው ጦርነት የተፋፋመው በእነዚሁ ዓመታት ነው።

አንድ ነገር እንዳለ መጠርጠር የተጀመረው በ1951 ነበር። በሞስኮ የእንግሊዝ ኤምባሲ ራዲዮ ሲከታተል የነበረ ባለሙያ ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ በአየር ላይ ሰማ። በዓመቱ የአሜሪካ ቴክኒሻኖች መኖሪያ ቤቱን ለመፈተሽ መጡ። ኬናን የሥራ ክፍላቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ ምስጢርነቱ ያበቃ የቆየ የዲፕሎማሲ መልእክት ጮክ ብለው ለጸሐፊያቸው ያጽፉ ጀመር፤ አድማጮቹ መሣሪያቸውን እንዲከፍቱ ታስቦ ነው። ቴክኒሻኖቹም ምልክቱን እየተከተሉ ግድግዳው ዘንድ ደረሱ። አርማው ተሰብሮ ሲከፈት የድምፅ መጥለፊያው ተገኘ።

ሽቦ የለው፣ ባትሪ የለው። አንዲት ትንሽ የብረት ሲሊንደር፣ ፊቷ ላይ እጅግ ስስ የብረት ሽፋን፣ ከጎኗ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አንቴና፤ ያ ብቻ ነው። ማድመጥ የፈለጉት ሰዎች ከሕንፃው ውጪ ሆነው የራዲዮ ሞገድ ይልኩባታል። ክፍሉ ውስጥ ሰው ሲናገር ድምፁ ከንስሩ መንቁር ሥር እያለፈ ስሱን ሽፋን ያነዝረዋል፤ ንዝረቱም ከአንቴናው ተመልሶ የሚወጣውን ሞገድ ይለዋውጠዋል። ውጪ ያለው መቀበያ ያንን ለውጥ ወደ ንግግር ይመልሰዋል። ሞገዱ ሲቋረጥ መሣሪያዋ እንጨት ውስጥ የተቀበረ ብረት ከመሆን አታልፍም፤ በተራ ፍተሻ ያልተገኘችውም ለዚህ ነው።

የሠሯት ሰው ደግሞ እስረኛ ነበሩ። በምዕራቡ ዓለም ሌዮን ቴርሚን የሚባሉት ሌቭ ቴርመን፣ እጅ ሳይነካው በአየር ላይ በሚደረግ እንቅስቃሴ ብቻ የሚጫወት የሙዚቃ መሣሪያ የፈለሰፉ ሩሲያዊ የፊዚክስ ባለሙያ ናቸው። በ1922 ለሌኒን አሳይተውታል። አሜሪካም ዓመታት ኖረው በ1938 ተመለሱ። በዓመቱ ታሰሩ። ኮሊማ ለሚባለው የሳይቤሪያ ግዞት ከተዳረጉ በኋላ፣ የታሰሩ ሊቃውንት ለመንግሥት ምርምር ወደሚሠሩበት እስር ቤት ተዛወሩ። በ1947 የስታሊን ሽልማት ተሰጣቸው። የተሸለሙት ለስለላ ሥራ ነው፤ ያን ያህል ተሰጥዖ ለዚህ መዋሉ ያሳዝናል።

ከሁሉም የሚከነክነው ግን የልጆቹ ነገር ነው። ምን እንደተሸከሙ ያውቁ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል። የሶቪየት የስለላ ድርጅት የአንድን ትውልድ የወዳጅነት ስሜት መሸሸጊያ አድርጎ ተጠቅሞበታል፤ ይህ ከቴክኒኩ ብልሃት ጋር አብሮ ሊወሳ የሚገባው በደል ነው።

አሜሪካኖች ግኝቱን ለሕዝብ ሳያሳውቁ ዓመታት አቆዩት። መሣሪያዋን የመረመሩት የእንግሊዝ የደኅንነት ድርጅት የኤምአይ 5 ባለሙያ ፒተር ራይት አሠራሯን ፈትተው አወጡ፤ እንግሊዞችም የራሳቸውን ተመሳሳይ መሣሪያ ሠሩ። ከዚያ ግንቦት 1960 መጣ። ሶቪየት ኅብረት ዩ-2 የተባለውን የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን መትታ ጣለች፤ ጉዳዩንም ወደ ተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ወሰደች። የአሜሪካው ተወካይ ሄንሪ ካቦት ሎጅ ሶቪየት ኅብረትም እንደምትሰልል ለማሳየት አርማውን ይዘው ገቡ፤ ለሁለት ከፍለው ውስጡን ለጉባኤው አሳዩ። አሜሪካን የሚያወግዘው የሶቪየት የውሳኔ ሐሳብ 2 የድጋፍና 7 የተቃውሞ ድምፅ አግኝቶ ወደቀ፤ 2 አገሮች ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ።