በቃዲና በዳኛ መካከል፦ የሙስሊም ቤተሰብ የፍቺ ዳኝነት ታሪክ

  

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ ብዙዎቻችን ከቤታችን ደጃፍ ካልደረሰ በቀር ልንነጋገርበት የማንወደው ነው። ባልና ሚስት መስማማት ተስኗቸው ሲለያዩ የሚዳኛቸው ማን ነው? ቃዲው ነው ወይስ የመንግሥቱ ዳኛ? ምርጫውስ የማን ነው? የባል ነው? የሚስት ነው? ወይስ ቀድሞ የከሰሰው? ጥያቄው ዛሬ የተነሳ አይደለም። በአገራችን ረዘም ያለ ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ያላወቀ ሰው ደግሞ መጥሪያ ሲደርሰው ምን እንደሚመልስ ይቸግረዋል።

ነገሩን ከመሬት ለማውረድ የፎገራን ሜዳ እንያዝ። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ከሚታጠፈው ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁት ሜዳ በዙሪያዋ ተዘርግቷል። በዚሁ በጣና ምሥራቅ በኩል የምትገኘው ደሪጣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የታወቀች የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። የይፋግ ገበያም ከዚያ ሩቅ አልነበረም። የዚህ አካባቢ ሙስሊም በአመዛኙ ርስት አልነበረውም። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1878 የቦሩ ሜዳው ጉባኤ ደግሞ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ እስከ ማዘዝ ደረሰ። ስለዚህ አባቶቻችን የኖሩት በንግድና በሽመና ነው። ባልና ሚስት ሲለያዩም የሚከፋፈሉት ቤቱን፣ ጥሪቱን፣ ሸማውንና በቅሎውን እንጂ መሬት አልነበረም። ዳኛቸውም የመንደሩ ሸኽና ሽማግሌዎች ነበሩ። የፈረዱት ፍርድ በመንግሥት ዘንድ የሚታወቅበት መንገድ ግን አልነበረም። ሰሚ ያጣች ሴት ይግባኝ የምትልበት ቦታ አልነበራትም ማለት ነው።

ይህን የለወጠው ከጠላት ወረራ በኋላ የወጣው ሕግ ነው። ጣሊያን ለራሱ ፖለቲካ ሲል ቃዲዎችን ይሾምና ያበረታታ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሲመለስ ነገሩን እንዳለ ሊተወው አልቻለም። በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 12፣ ቀጥሎም እሱን በተካው በ1936 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 62 የናኢባዎችና የቃዲዎች ጉባኤዎች፣ ከነሱም በላይ የሸሪዓት ፍርድ ቤት በሕግ ተቋቋሙ። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የሕፃናት ሞግዚትነት፣ ወቅፍ፣ ስጦታና ውርስ በሥልጣናቸው ሥር ሆኑ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ያ አዋጅ የጠየቀው ጋብቻው በእስልምና ሥርዓት መፈጸሙን ወይም ተከራካሪዎቹ ሙስሊሞች መሆናቸውን ነው። ፈቃዳቸውን አልጠየቀም።

ከዚያ በኋላ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መጣ። ስለ ቃዲዎች አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በአንቀጽ 3347 ግን ሕጉ በያዛቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራባቸው የነበሩት የተጻፉና የልማድ ደንቦች ሁሉ መሻራቸውን ደነገገ። በወረቀት ሲታይ የቃዲዎቹ ነገር ያበቃለት ይመስላል። በተግባር ግን ፍርድ ቤቶቹ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ መንግሥትም አልዘጋቸውም። ለሠላሳ ዓመታት ያህል አለ እንዳይባል ሕጉ ዝም ያለው፣ የለም እንዳይባል በየቀኑ የሚያስችል ዳኝነት ይዘን ኖርን። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሙ በብዛት ወጥቶ እኩልነትን ሲጠይቅ እንዲህ ያለው ተንጠልጥሎ መኖር ከብሶቱ አንዱ ነበር።

በነገራችን ላይ ያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሰጠው ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ይህን ያነበበ ሙስሊም በሱረቱ ኒሳእ 35ኛ አንቀጽ የታዘዙትን ሁለት ሸምጋዮች፣ አንዱ ከእሱ ወገን አንዱ ከእሷ ወገን የሚመረጡትን፣ ማስታወሱ አይቀርም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የቁርኣኑ ሸምጋዮች ቀዳሚ ሥራ ማስታረቅ ነው። የማለያየት ሥልጣን አላቸው ወይ በሚለው ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ ማሊኪያዎች አላቸው ሲሉ ሐነፊያዎች ውክልና ካልተሰጣቸው የላቸውም ይላሉ።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ፈቀደ። ሆኖም ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ብቻ ነው። በአንቀጽ 78 ደግሞ ቀድሞ የመንግሥት ዕውቅና አግኝተው ይሠሩ የነበሩ የሃይማኖት ፍርድ ቤቶች በዚሁ መሠረት እንዲደራጁ አዘዘ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በመጀመሪያ ደረጃ፣ በከፍተኛና በጠቅላይ አዋቀራቸው። ክልሎችም የየራሳቸውን አደራጁ። ከ1936ቱ አዋጅ ጋር ስናነጻጽረው የተጨመረው አንድ ቃል ነው፤ ፈቃድ። ይህ ቃል ምንጩ ሕገ መንግሥቱ ስለሆነ በአዲስ አበባም በወረታም እኩል ይሠራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሳሽ አቤቱታውን ለሸሪዓው ፍርድ ቤት ሲያቀርብ ለተከሳሽ መጥሪያ ይላካል። ተከሳሹ ወይም ተከሳሿ ቀርበው በሸሪዓ መዳኘት አልፈልግም ካሉ መዝገቡ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። እፈልጋለሁ ካሉ ክርክሩ እዚያው ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ ፍርዱ አላማረኝም ብሎ ፍርድ ቤት መቀየር አይቻልም። መጥሪያው በትክክል ደርሷቸው ሳይቀርቡ ቢቀሩስ? በፌዴራሉ አዋጅ መሠረት እንደ ፈቀዱ ይቆጠራል። ብዙ እህቶቻችን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ተቆጥታ ወይም አፍራ ከወላጆቿ ቤት የቀረች ሴት ዝምታዋ እምቢታ ይመስላታል። በሕጉ ዓይን ግን ዝምታዋ እሺታ ነው።

ፈቃዱ ለይስሙላ የተጻፈ አለመሆኑ በ1996 ዓ.ም. ተፈትኗል። በአዲስ አበባ በተነሳ የውርስ ክርክር አንዲት ሴት በሸሪዓ መዳኘት አልፈልግም ብትልም ጉዳዩ በሸሪዓው ፍርድ ቤት ታይቶ ተፈረደባት። ነገሩ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱም ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ነው ሲል ወሰነ። አንዳንድ ወንድሞች ይህን በሸሪዓ ላይ እንደ ተሰነዘረ ጥቃት ቆጥረውት ነበር። እኛ ግን እንዲህ አናየውም። ወዶ የመጣ ተከራካሪ ያለው ቃዲ ተገዶ የመጣ ካለው ይልቅ ፍርዱ ይከበርለታል።

ታዲያ በሁለቱ በሮች መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው? የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 ወጥቷል፤ በመንፈሱ በ1992 ከወጣው ከፌዴራሉ ሕግ ብዙ አይርቅም። በፌዴራሉ ሕግ ጥንዶቹ ተስማምተው ወይም አንዳቸው ብቻ ፍቺ መጠየቅ ይችላሉ። ዳኛው እንዲታረቁ ይመክራል፤ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ ስለ ልጆቹ አያያዝ፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረቱ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። በሸሪዓው በኩል ባል ጦላቅ፣ ሚስት ደግሞ ኹልዕ ወይም በቃዲ ፍርድ ፈስኽ አላት። ዒዳ አለ፤ ያልተከፈለ መህር ካለ ዕዳ ነው። የዒዳ ነፈቃና የልጆች ቀለብም አለ።

ትልቁ ልዩነት ንብረት ላይ ነው። በቤተሰብ ሕጉ በትዳር ውስጥ የተፈራ ሁሉ፣ በአንዳቸው ስም ቢመዘገብ እንኳ፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው፤ እኩል ይካፈላል። በፊቅህ ግን የባል ሀብት የባል፣ የሚስትም የሚስት ነው፤ መጋባት ብቻውን ንብረትን አያዋህድም። ይህ ለሀብታም ሴት ጥበቃ ነው። ጉልበቷን እንጂ ገንዘቧን ላላስመዘገበች ገበሬ ሴት ግን ከባድ ጥያቄ ያስነሳል።

ፎገራን የመረጥነው ለዚህ ነው። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሙስሊሙም ባለ ይዞታ ሆነ። ቀጥሎም ሩዝ መጣ፤ ውኃ የሚተኛበትና ለከብት ግጦሽ ይውል የነበረው ሜዳ ዋጋው ሌላ ሆነ። የሩዝ ማሳ ደግሞ ከዘር እስከ አረም፣ ከአጨዳ እስከ ውቂያ የሴት እጅ የማይለየው ሥራ ነው። ሲፋቱ ያ ጉልበት የት ይገባል?

ጥያቄው ከእኛ በፊትም ተነስቷል። በ16ኛው ምዕተ ዓመት (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ሞሮኮ በጉማራ ተራሮች የነበሩት የማሊኪያው ዓሊም ኢብን ዐርዱን፣ እርሻና አጨዳ ከባሏ እኩል የምትሠራ የገጠር ሴት ከአዝመራው ድርሻ አላት ሲሉ ፈትዋ ሰጡ። የከተሜውን ሴት ፍርድ ለገበሬዋ እንዳለ አንሰጥም ማለታቸው ነበር። በሞሮኮ ይህ አስተሳሰብ የልፋትና የጥረት መብት ተብሎ ኖረ። በ2004 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የቤተሰብ ሕጋቸውም ጥንዶቹ ስለ ንብረት የጻፉት ስምምነት ከሌለ የእያንዳንዳቸው ሥራና ድካም እንዲታይ አዟል። ስለዚህ ሸሪዓን መርጣ የገባች የፎገራ እህት ድካሟን በምስክር ማስረዳቷ ከዲን ውጭ የሆነ ነገር አይደለም። የመሬቱን ይዞታ በተመለከተ ደግሞ ክልሉ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሰጠው የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም በአንድነት ይሰፍራል። ደብተሩ በማን እጅ እንዳለ ብቻ ሳይሆን ስሟ መግባቱንም ማየት ይገባታል።

የቀረን በሁለቱም በር ሳያልፍ ቤት ውስጥ ስለሚቀረው ፍቺ ነው። ባል በሁለት ምስክር ፊት ጦላቅ ብሎ ይሄዳል፤ ወረቀት የለም። በዲን ዒዳዋን የጨረሰች ሴት በመንግሥት መዝገብ ዛሬም ሚስት ናት። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ፍቺም እንዲመዘገብ ያዛል፤ ለዚህም የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ባልና ሚስት ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን ሕይወት ከመሠረቱ፣ የፍቺ ፍርድ ባይኖርም ጋብቻው ፈርሷል ያለበት ውሳኔ አለ። እንግዲህ ያለ ወረቀት የተለየች ሴት፣ ባሏ ሲሞት ወራሽ ነኝ ብትል አይደለሽም ልትባል ትችላለች። ሌላ ኒካሕ ልትሠር ስትል ደግሞ የቀድሞው መቼ ፈረሰ ትባላለች። በሸሪዓው ፍርድ ቤት የተመዘገበ ጦላቅ ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ በመደበኛው ፍርድ ቤት የተሰጠ ውሳኔም እንዲሁ።