ቆራጣና ዘጌ፦ ገንዘብ የራሱን ሥርዓት ያቆመባቸው የጣና ዳርቻዎች

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጎንደር ተነሥቶ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ወደ ጎጃም የሚወርድ መንገደኛ ቆራጣ ሲደርስ ከበቅሎው ይወርድ ነበር። ከተማዪቱ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናትና በግቢዋ ውስጥ ተቀምጦ ማለፍ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። በዚያችው በእግር በሚገባባት ከተማ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ሸማና አሞሌ ጨው ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ፤ የማርያ ትሬዛ ብር ይመዘናል፣ ይቆጠራል። ቅድስናና ንግድ በአንድ ቅጥር ውስጥ ያደሩት በአጋጣሚ አልነበረም። አንዱ ያለ ሌላው መቆም አይችልም ነበር።

በኢትዮጵያ በንግድ የቆመ የከተማ መንግሥት ሲባል አስቀድሞ የሚነሣው ሐረር ነው። ሐረር አሚር ኑር ያሠሩት የጀጎል ግንብ፣ አምስት በሮች፣ የራሱ ገንዘብና እ.ኤ.አ. ከ1647 ጀምሮ የራሱ የአሚሮች ሥርወ መንግሥት ነበረው። ግብፆች በ1868 ዓ.ም. እስኪይዙት፣ ኋላም ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው እስኪያስገብሩት ድረስ በራሱ ሕግ ሲተዳደር ኖሯል። ጣና ዳር እንዲህ ያለ ነፃ መንግሥት አልበቀለም። ቆራጣ ያለችው በበጌምድር በኩል ነው፤ ዘጌ በጎጃም። ከሁለቱም በላይ ንጉሥ ወይም ራስ አለ። ሆኖም በእነዚህ ዳርቻዎች ገንዘብ የራሱን ዳኛ፣ የራሱን ጠባቂና የራሱን የበላይና የበታች አቁሞ ነበር። ሐረር ሀብቱን በግንብ ሲጠብቅ ቆራጣ የጠበቀችው በቅድስቲቱ ስም ነው።

የዚህ ሁሉ መነሻ መንገዱ ነው። ከምፅዋ የሚነሣው የሲራራ መንገድ በዓድዋ በኩል ጎንደር ይገባል። ከጎንደር አንዱ ቅርንጫፍ በመተማ ወደ ሱዳን ሲወጣ ሌላው በሐይቁ ምሥራቅ በይፋግና በቆራጣ አድርጎ አባይን ይሻገራል። ከዚያ ጎጃም ውስጥ ወዳለው የባሶ ገበያ፣ ከባሶም እንደገና አባይን ተሻግሮ ወደ ጉድሩና ወደ ጊቤ አገሮች ይዘልቃል። ከደቡብ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ይመጣል፤ ከሰሜን ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ይወርዳል። ጣና ከሁለቱ ዓለማት መካከል ነው። ከባሶ የደከመ አጋሰስ የሚያርፈው፣ ዕቃ እጅ የሚለውጠው፣ የክረምቱ ወንዝ እስኪጎድል የሚጠበቀው እዚህ ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ሸቀጥ ጨው ነው። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ በአንድ ጊዜ ማጣፈጫም መገበያያም ነበር። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ትግራይ ላይ ብዙ አሞሌ የሚገዛ አንድ ብር ጎጃም ሲደርስ የሚገዛው ያነሰ ነው። ስለዚህ ይፋግ ላይ ጨው ገዝቶ ባሶ ላይ የሚመነዝር ነጋዴ ሌላ ምንም ሳይነግድ እንኳ ያተርፋል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ይፋግ ከሰሜን ኢትዮጵያ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ትርፍ ባለበት ቀራጭ አለ። መንገዱ በኬላዎች የተቆራረጠ ነበር። የየአገሩ ገዢ በድልድዩ፣ በመሻገሪያውና በገበያው በር ኬለኛ ያቆማል፤ ነጋዴውም በየኬላው እየከፈለ ያልፋል። ከኬላዎቹ በላይ የሚቀመጠው ነጋድራስ ነው። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ፣ የቀረጥ ሰብሳቢና በነጋዴዎች መካከል ለሚነሣ ክርክር ዳኛ ነበር። ብዙ ጊዜ ሹመቱን የሚያገኘው ለገዢው በዓመት የተወሰነ ገንዘብ ለማስገባት ቃል ገብቶ ነው። ከዚያ በላይ የሰበሰበው የራሱ ይሆናል። በዚህ አሠራር ሹመት የሚያዋጣ ንግድ ይሆናል፣ ንግድም ወደ ሹመት ያደርሳል። መኳንንቱ ከመሬትና ከጦር የሚያገኙትን ክብር ነጋድራሱ ከሚዛንና ከቀረጥ ያገኝ ነበር። በ1760ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ነጋድራስ መሐመድ ጽፏል፤ የክርስቲያን ነገሥታት መናገሻ በሆነችው ከተማ የንግዱ አለቃ ሙስሊም ነበር ማለት ነው።

ይህም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ሙስሊሙ እርስት ይዞ እንዳያርስ ልማዱ ስለከለከለው ንግድና ሽመና ዋና መተዳደሪያው ሆኑ። ከይፋግ ብዙም የማይርቀው ደሪጣ የእነዚህ የሲራራ ነጋዴዎች መንደር ነበር። የደሪጣ ሰዎች ከምፅዋ እስከ ጊቤ የሚዘረጋ የዘመድና የእምነት ሰንሰለት ስለነበራቸው ባለ እርስቱ ክርስቲያን ሊደርስበት ከማይችል ገበያ ይደርሳሉ። መሬት የተነፈገው ሕዝብ የአገሩን ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሆነ። ገንዘቡ ግን እርስት አላስገኘለትም፤ በፖለቲካው ማዕበል ጊዜም ቀድሞ የሚመታው እርሱ ነበር።

ቆራጣን የጠበቀው ኃይል ሌላ ነው። ወለተ ጴጥሮስ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአፄ ሱስንዮስን የካቶሊክ እምነት በመቃወም የተነሡ ባለ ማዕረግ ሴት ነበሩ። የንጉሡ የጦር አለቃ የነበሩትን ባለቤታቸውን መልክአ ክርስቶስን ትተው መነኑ፣ ተከሰሱ፣ ወደ ሱዳን ወሰን ተጋዙ። ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. የቀደመውን እምነት ሲመልሱ ወለተ ጴጥሮስ በጣና ዙሪያ የብዙ ተከታዮች እናት ነበሩ። በኅዳር 1635 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ገድላቸው የተጻፈው ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ለንጉሥ ያልተንበረከኩ ሴት ስም የያዘ ደብር ለሸሸ ሰው ሁሉ መጠጊያ መሆኑ ከታሪካቸው ጋር የሚሄድ ነው።

መማፀኛ የሚባለው ሥርዓት በጎንደር፣ በአክሱምና በሌሎች ቅዱሳን ቦታዎችም ይሠራ ነበር። ደም ያፈሰሰ ሰው፣ የተሸነፈ ሹም፣ ከገዢው የተጣላ ሁሉ ወደዚያ ከገባ አይነካም። ለነጋዴው ደግሞ ከነፍሱ ሌላ ንብረቱም አይነካም። በዘመነ መሳፍንት ሠራዊት ባለፈበት መንደር ጎተራ በሚገለበጥበት ጊዜ ዕቃን ቆራጣ ማስቀመጥ በባንክ እንደማስቀመጥ ነበር። ከዚያም አልፎ ሐይቁ ራሱ መጋዘን ነው። ነገሥታቱ ከግራኝ አሕመድ ጦርነት ጀምሮ ንዋያተ ቅድሳትን ወደ ደሴቶቹ ሲያሻግሩ ኖረዋል፤ ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አፅም ሳይቀር የተጠበቀበት ደሴት ነው። በዚህ ዓይነት የቆራጣ ነጋዴ ሦስት ጌቶች ነበሩት፦ የበጌምድሩ ገዢ፣ ነጋድራሱና ደብሩ። እርስ በርስ ስለሚጠባበቁም አንዱ ብቻውን ሊውጠው አይችልም ነበር።

ከቆራጣ ትይዩ፣ በሐይቁ ምዕራባዊ ዳር የምትገኘው ዘጌ በሌላ መንገድ ከበረች። በባሕረ ገብ መሬቷ ሞፈርና ቀንበር አይገባም፣ ከብት አይረባም። ትውፊቱ ይህን ሕግ ለአቡነ በትረ ማርያም ይሰጣል፤ በትራቸው ሦስት ቦታ ተሰብሮ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆነ ይባላል። ሕጉ ያስከተለው ኑሮ በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙም አይገኝም። ጤፍ የማያርስ ሰው ጤፍ መግዛት አለበት፤ ለመግዛትም መሸጥ አለበት። የዘጌ ካህንና ባላገር እንጀራውን ሳይቀር ከገበያ የሚያመጣ፣ ሙሉ በሙሉ በገንዘብ የሚኖር ሰው ሆነ። ደኑን የሚጠብቁት፣ የቡናውን መሬት የያዙትና ማኅበረሰቡን የሚመሩት ገዳማቱ ናቸው። የኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ የአዝዋ ማርያምና የሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ውበት ከዚህ ሀብት ጋር ተያይዞ የመጣ ነው።

ቡናውን ማን ለቀመው? ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲገባ የዘጌ ቡና በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሸጥ ነበር። በተለይ ከ1890ዎቹ እስከ ጣልያን ወረራ ባለው ጊዜ የቡናው ሥራ በባሮች ትከሻ ላይ ወደቀ። ብዙዎቹ ከምዕራብ፣ ከጉምዝ አገር በኃይል የተወሰዱ ነበሩ። ጌቶቻቸውም ሌላ ቦታ የሚኖሩ መኳንንት ብቻ አልነበሩም፤ የደብሩ አገልጋዮች የሆኑ የቡና ባለቤቶችም ነበሩባቸው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በመጋቢት ባሮችን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣው አዋጅ ተነገረ። አዋጁ ከአዲስ አበባ ዘጌ ለመድረስ ግን ረጅም ጊዜ ፈጀበት። ከባርነት በኋላም የዘር ጥያቄው በጋብቻና በማዕድ ላይ ለትውልድ ቆየ።

ዕቃውን በውኃው ላይ ያመላለሰው ታንኳም ሠሪ አለው። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ደንገል አጭደው፣ አስረው ታንኳ ይሠራሉ፤ ጉማሬም ያድኑ ነበር፤ የሐይቁን ጠባይ እንደ እነርሱ የሚያውቅ አልነበረም። ጎረቤቶቻቸው ግን አብረዋቸው አይበሉም፣ አይጋቡም፤ መሬትም አልሰጧቸውም። ከሐይቁ ዳር የሚኖሩትም በሌላው ፈቃድ ነው። የቆራጣና የዘጌ ብልጽግና በታንኳቸው ላይ ተጭኖ ሲያልፍ ለእነርሱ የተረፈው የመቅዘፊያው ድካም ነበር።

የመማፀኛው ሥርዓት የሚቆመው ኃይለኛው እስካከበረው ድረስ ብቻ ነው። አፄ ቴዎድሮስ የካቲት 1847 ዓ.ም. ሲነግሡ አንድ መንግሥትና አንድ ግምጃ ቤት የሚሹ ንጉሥ ሆነው መጡ፤ ከካህናቱ ጋርም በቤተ ክርስቲያን መሬት ብዛት ብዙም ሳይቆዩ ተጋጩ። በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዙ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ከጓደኞቹ ጋር ቆራጣ ሰፍሮ የታሰሩ አውሮፓውያን መፈታት ሲጠብቅ ንጉሡ ሠራዊታቸውን ይዘው ዘጌ ወረዱ። ሚያዝያ ላይ ራሳምና ባልደረቦቹ ለስንብት ወደ ዘጌ በመጡበት ተያዙ። ያን ሁሉ ሕዝብ መሸከም ለማይችለው ጠባብ ዳርቻ ሰፈሩ መቅሠፍት ሆነበት፤ ኮሌራ ገባ፣ ሠራዊቱም በቆራጣ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ተነሣ። በኅዳር 1859 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደር ተዘረፈች፣ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ ደብር ንብረት ይጠብቃል ብሎ የሚተማመን ነጋዴ ማግኘት ከባድ ነበር።

ቀሪውን መንገዱ ራሱ ጨረሰው። በ1880 ዓ.ም. የደርቡሽ ጦር ጎንደርን አቃጠለ፤ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ አጋሰሱንም ነጋዴውንም ጨረሰ። የአገሩ ማዕከል ወደ ሸዋ ዞረ፣ የጅቡቲው ባቡር የደቡብን ቡናና ቆዳ ወደ ምሥራቅ ሳበ። ጣና ከመካከለኛ ጣቢያነት ወደ ጠረፍነት ወረደ። ጣልያኖች ከ1928 ዓ.ም. በኋላ በሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባ አስገቡ፣ የመኪና መንገድ ጠረጉ፤ ቆራጣ ከዋናው መንገድ ወጥታ ቀረች።

የቆየውን ሥርዓት ድካም ከሁሉ አጥርተው ያዩት ራሳቸው ነጋድራስ የሆኑ ሰው ናቸው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው በአገር ውስጥ በየቦታው የሚወሰደው ቀረጥ ንግድን እንደሚያንቅ ተከራክረዋል። በዚያው ዘመን በጎጃም ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ግብርና ቀረጥ እያበዙ፣ ሹመት በገንዘብ እየሰጡ፣ አዲስ አበባ ላይ ሲነግዱ ነበር። በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው ሲታሰሩ የጎጃም ገበሬ አብዝቶ ያስታወሰው ግብራቸውን ነው። ግዛትን እንደ ሱቅ የሚያይ ገዢ ምን እንደሚመስል ጣና ዳር ያለ ሰው ከመጽሐፍ መማር አላስፈለገውም።

ባሕር ዳር ያደገችው ከቆራጣና ከዘጌ በተቃራኒ መንገድ ነው። ለረጅም ጊዜ በቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር ዙሪያ ያለች ትንሽ መንደር ነበረች። ከተማ ያደረጓት የመንግሥት ውሳኔዎች ናቸው፤ በ1953 ዓ.ም. ከጣልያን የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው ፖሊቴክኒክ፣ ጀርመኖች የነደፉት የከተማ ፕላን፣ ኋላም የክልል ዋና ከተማነት። ዛሬ የሐይቁ ዳር መሬት ሆቴልና መናፈሻ የሚፈልገው ውድ መሬት ሆኗል። ደንገሉ እየሳሳ ነው፤ ወይጦዎች ከከተማዋ መስፋፋት ጋር ከዳርቻው እየተገፉ ነው። ወደ ዘጌ በጀልባ የሚሻገር ጎብኚ ስለ ሥዕሎቹና ስለ በትረ ማርያም በትር ይነገረዋል። የቡናውን ደን የኮተኮቱትን ሰዎችና የታንኳውን ሠሪ የሚጨምር አስጎብኚ፣ ስማቸውን የሚጽፍ የከተማ ታሪክና በዳርቻው ላይ ድርሻ የሚሰጣቸው ፕላን ግን ገና ያስፈልጋሉ።