አንድ ሞተር፣ ሁለት መንገድ

ባለፈው ሳምንት ማታ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን፣ «በአሮጌ ሞተር ሳይክል፣ ድንኳንና ዳቦ ብቻ ይዞ አውሮፓን ከዳር እስከ ዳር መዞር የወኔ ጉዳይ ነው፤ ልብ ያለው ይሄዳል» አለ። አጨበጨብንለት። እኔን ግን ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ። ወኔማ በየሀገሩ ሞልቷል። ታዲያ ደሀው ወጣት በሞተር ድንበር መሻገር የቻለው ምን ምን ሲያገኝ ነው? ታሪኩን አብረን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ማደሪያ ተገኘ። በ1909 ሪቻርድ ሺርማን የተባለ ጀርመናዊ አስተማሪ ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ዶፍ ዝናብ ያዛቸውና አንድ የመንደር ትምህርት ቤት ውስጥ አደሩ። ሰውዬው ያን ሌሊት፣ ለተጓዥ ወጣቶች በየቦታው ርካሽ ማደሪያ ቢኖርስ ብሎ አሰበ። በ1912 የመጀመሪያው ቋሚ የወጣቶች ማደሪያ በአልቴና ግንብ ተከፈተ። የመሳፍንት ግንብ የተማሪ መኝታ ሆነ ማለት ነው።

ቀጥሎ ጊዜ ተገኘ። ይህ ግን እንዲያው በችሮታ የተሰጠ አይደለም። በ1936 የፈረንሳይ ሠራተኞች ፋብሪካዎቹን ይዘው ሥራ አቆሙ። በዚያው ዓመት ለሠራተኛው ሁሉ በዓመት የሁለት ሳምንት ዕረፍት ከነደመወዙ በሕግ ተፈቀደ። ዕረፍት የሌለው ሰው ሞተር ቢኖረው ከቤቱ እስከ ፋብሪካው ነው የሚነዳው፤ ሌላ የት ይደርሳል?

ሦስተኛው መጓጓዣው ነው። በሳክሶኒ፣ ቾፓው በምትባል ከተማ የነበረው የዴ.ካ.ቬ. ፋብሪካ በ1939 አር.ቴ. 125 የተባለች ቀላል ሞተር ሳይክል አወጣ። ቫልቭ የላት፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይቀዳላታል። ካንዴላ ፈትቶ መጥረግ የሚችል ሰው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ብዙውን ችግሯን ይፈታል። ርካሽነቷም ከዚሁ ቀላልነቷ የመጣ ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ ጀርመን ተሸነፈች፤ ንድፉም የአሸናፊዎች ምርኮ ሆነ። ሶቪየቶች በ1946 «ሞስኮ» ብለው ሠሯት። እንግሊዞች በ1948 ልክ በመስተዋት እንደታየ ግራ ቀኟን ገልብጠው ቢ.ኤስ.ኤ. ባንታም አሏት። የአሜሪካው ሃርሊ ዴቪድሰንም ሳይቀር ቀዳት። የቾፓው ፋብሪካ ራሱ በምሥራቅ ጀርመን ቀርቶ ያቺኑ ሞተር መሥራቱን ቀጠለ፤ ኋላም ኤም.ዜድ. ተባለ።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በምሥራቅም በምዕራብም ያለው ወጣት የአንዲት እናት ልጅ በሆነች ሞተር ላይ ተቀመጠ። ከ1953 ጀምሮ ደግሞ አረንጓዴ ካርድ የተባለው ኢንሹራንስ ከሀገር ወደ ሀገር ያሻግር ጀመር። የለንደኑ ልጅ ባንታሙን በመርከብ አሻግሮ፣ በፈረንሳይ በኩል አልፎ፣ ኢጣሊያ ውስጥ 2,757 ሜትር ከፍታ ያለውን የስቴልቪዮን መተላለፊያ እያቃሰተ ሊወጣ ይችላል። የቾፓው ልጅስ? በ1961 የበርሊን ግንብ ተሠራ። ከ1972 ወዲህ ያለ ቪዛ ቼኮዝሎቫኪያ መሄድ ቻለ። ፈቃድ ካገኘ ሃንጋሪ፣ ባላቶን ሐይቅ ድረስ ይነዳል፤ በግንቡ የተለያዩ የሁለቱ ጀርመን ዘመዳሞች እዚያ ሐይቅ ዳር ይገናኙ ነበር። ፓሪስ ግን የማይታሰብ ነው። ሞተሩ ያው፣ ጭሱም ያው፣ ወኔውም ያው፤ ልዩነቱ ኬላ ላይ የምትታየው ወረቀት ብቻ ናት።

ግንቡ በ1989 ፈረሰ። በ1985 ሼንገን ላይ በአምስት አገሮች የተፈረመው ስምምነትም በ1995 ሥራ ላይ ዋለ፤ በፈራሚዎቹ መካከል የነበረው ኬላ ተነሣ። ዛሬ ድንኳን የጫነ ወጣት ከአገር አገር ሲያልፍ ድንበሩን የሚያውቀው አንዳንዴ በመንገድ ምልክቱ ነው።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ወኔህን አልናቅሁም። ግን ያ መንገድ የተጠረገው በአንድ ጀግና ነጂ አይደለም። አስተማሪ፣ አድመኛ ሠራተኛ፣ መካኒክና ግንብ ያፈረሰ ሕዝብ ተረዳድተው ጠርገውታል። ለኛ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ደግሞ የግቢው ውስጥ ኬላ ቢነሣም የውጭው በር ዛሬም ቪዛ ይጠይቃል። ስለዚህ በሚቀጥለው ክርክራችን «ወኔ አለህ ወይ?» ከማለትህ በፊት፣ «በሩን የያዘው ማን ነው?» ብለህ ጠይቅ።