በኬላው ጥግ የቆሙት ሴቶች

ከራማላህ እስከ ኢየሩሳሌም ያለው መንገድ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሐል ላይ ግን የቃላንዲያ ኬላ አለ። ለዓመታት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሥራ የሚገባ ፍልስጤማዊ የቀን ሠራተኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከቤቱ ይወጣ ነበር። የቀረውን ሌሊት በብረት ፍርግርግ መካከል ተሰልፎ፣ የምትሽከረከረዋ በር እስክትከፈት እየጠበቀ ያነጋ ነበር።

እንዲህ ያለው ጉዞ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እስራኤል በ1967 ዌስት ባንክንና ጋዛን ከያዘች በኋላ፣ በ1972 በወጣው አጠቃላይ የመውጫ ፈቃድ መሠረት አብዛኛው ነዋሪ ወደ እስራኤል ገብቶ መመለስ ይችል ነበር። በ1991፣ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ወቅት፣ ይህ ፈቃድ ተሰረዘና እያንዳንዱ ሰው በስሙ የተጻፈ ይለፍ እንዲይዝ ተደረገ። በ1993 አጠቃላይ የመንገድ መዘጋት ታወጀ። በ2000 መገባደጃ ሁለተኛው ኢንቲፋዳ (የፍልስጤማውያን አመፅ) ሲነሣ ደግሞ ኬላው ወደ ዌስት ባንክ ውስጥ ዘልቆ ገበሬውን ከእርሻው፣ ተማሪውን ከዩኒቨርሲቲው፣ ነፍሰ ጡሯን ከሐኪም ቤት ለየ። የናብሉስ መውጫ የሆኑት ሁዋራና ቤት ኢባ ስማቸው የገነነው ያኔ ነው።

የእስራኤላውያንም ስጋት እውነተኛ ነበር። በመጋቢት 2002 ኔታንያ ውስጥ ለፋሲካ ማዕድ ከተሰበሰቡት 30 ሰዎች በአጥፍቶ ጠፊ ተገደሉ። ያን ዓመት እስራኤልን ከዌስት ባንክ የሚለየው አጥር መሠራት ጀመረ።

ኬላዎቹን የሚታዘበው የእስራኤላውያን ሴቶች ማኅበር፣ ማክሶም ዎች፣ የተመሠረተው ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ2001 መጀመሪያ ላይ ነው። ማክሶም በዕብራይስጥ ኬላ ማለት ነው፤ ፍልስጤማውያንም ቃሉን ወስደውታል። ሮኒ ዬገር፣ የሁዲት ኬሼትና አዲ ኩንትስማን የጀመሩት ይህ ማኅበር አባላቱ ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ብዙዎቹም ጡረተኞችና አያቶች ናቸው። መሣሪያቸው ደብተርና ስልክ ነው። ጠዋትና ማታ በተራ ይሄዳሉ። ወረፋው የት እንደደረሰ፣ ስንት መስኮት እንደተከፈተ፣ ማን ያለ ምክንያት እንደተመለሰ ይጽፋሉ። የታመመ ሰው ሲታገድ ለሠራዊቱ ኃላፊዎች ይደውላሉ። በጸጥታ ሰበብ ስማቸው ተመዝግቦ ይለፍ ለተነፈጋቸው ሠራተኞችም አቤቱታ ይጽፋሉ።

በኅዳር 2004 አንዲት ታዛቢ በቤት ኢባ ኬላ አንድ ፍልስጤማዊ በወታደሮች ፊት ቫዮሊን ሲጫወት ቀረጸች። ታዞ ነው ወይስ በፈቃዱ የሚል ክርክር ተነሣ፤ ምስሉ ግን የእስራኤልን ሕዝብ አስደነገጠ። ካሜራዋ እዚያ ባትኖር ያ ቀን ከወረፋው አልፎ ባልተሰማ ነበር።

ሴቶቹ ከሁለት ወገን ይወቀሳሉ። አንዱ የወታደሩን ሥራ ታሰናክላላችሁ ይላቸዋል፤ ሌላው ኬላውን በማለሳለስ ዕድሜውን ታራዝማላችሁ ይላቸዋል። ሁለተኛው ወቀሳ ከባድ ነው። አንድ ሰው በስልክ ጥሪ ሲያልፍ በሩ ነገም እዚያው ነው። ሆኖም መድኃኒት ፍለጋ የቆመች እናት ፖለቲካው እስኪፈታ ትቆይ ማለት አይቻልም፤ ደግሞም ያልተጻፈ በደል አልተፈጸመም ተብሎ ለመካድ ይመቻል።

ነገሩ ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎችም የሩቅ ወሬ አይደለም። በእነዚያ ኬላዎች መታወቂያ ከሚጠይቁት ወታደሮች መካከል የቤተ እስራኤል ልጆች አሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው በአባቱ ዕድሜ ያለን ሰው እንዲያስቆም የታዘዘ ልጅም የሚያየው ሰው ሲኖር እጁን ይሰበስባል።

የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ በ2023 መጀመሪያ በዌስት ባንክ 645 የመንገድ እንቅፋቶች ቆጥሮ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ቁጥሩ 849 ደረሰ። ታዛቢዎቹ ኬላውን አላስቀሩትም። ከሃያ ዓመት በላይ ያሰፈሩት የየዕለት ዘገባ ግን በወረፋ ለተሰረቀው ዘመን ምስክር ነው፤ አላየንም፣ አልሰማንም የሚሉትንም ሰበብ አሳጥቷል።