ስም ያለበት ወረቀት

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ጀበናው ገና እሳት ላይ ነው፣ አንቸኩልም። ዛሬ የምወስዳችሁ ኦማን ነው፣ ከማስካትም ወደ ሲብ፣ ከሲብም ወደ አል ኹድ። አል ኹድን የሚያውቅ ሸለቆውን ያውቃል፤ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ጠጠር ሆኖ ይከርምና ተራራው ላይ የዘነበ ዕለት ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ውሃው ባሕር ገብቶ እንዳይቀርና መሬት ውስጥ እንዲሰርግ እ.ኤ.አ. በ1985 ግድብ ሠሩለት፤ በዓመቱ ደግሞ የሱልጣን ቃቡስ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ተከፈተና ተማሪው መጣ፣ መምህሩ መጣ፣ ሠራተኛው መጣ፣ የሚከራይ ቤትም በዛ።

ከመጡት አንዷ የእኛ ልጅ ናት። ስሟን አትጠይቁኝ፤ እንደ እሷ ያሉ ብዙ ናቸውና የእሷን ስነግራችሁ የብዙዎቹን ነገርኳችሁ። ጸጉር ቤት ትሠራለች፤ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ይዛለች። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ሪያሉን ሁለቴ ቆጥራ፣ በመሐረብ ቋጥራ፣ ቤቱን ለተከራየው ያገር ልጅ ትሰጣለች፣ እሱም «ተባረኪ» ብሎ ይቀበላታል። ደረሰኝ ጠይቃ አታውቅም፤ ያገር ልጅ ደረሰኝ ይጠየቃል?

ሐምሌ ነበር፣ ሌሊቱም ግድግዳው እንደ ምጣድ የሚግልበት። ያገር ልጅ መጀመሪያ ስልኩን ዘጋ፣ ከዚያም ጠፋ፣ ከዚያም በሳምንቱ በሩ ተንኳኳ። የቤቱ ባለቤት ናቸው፣ ነጭ ዲሽዳሻ የለበሱ ሽማግሌ። ጫማቸውን ደጃፍ አወለቁና ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው የሦስት ወር ኪራይ እንዳልደረሳቸው ተናገሩ። እሷም በተሰባበረ አረብኛ «ባባ፣ እኔ አንድ ቀን አላሳደርኩም» አለች። ሽማግሌው ውሉን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉ፣ በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ የሰውየውን ስም አነበቡላት፣ ከዚያም ጣታቸውን ወደ ታች አወረዱ። ከእሱ በታች ማንም አልነበረም።

ሕጉ እንዲህ ነው፣ ወገኖቼ። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሱልጣኑ ድንጋጌ ቁጥር 6/89 ነው፤ በ2008 ተሻሽሏል። የኪራይ ውል በማዘጋጃ ቤቱ፣ እዚያ «በለዲያ» በሚሉት፣ ይመዘገባል። መኖሪያ ቤት የተከራየን ሰው አከራዩ ደስ ስላለው ብቻ አራት ዓመት ሳይሞላ «ልቀቅ» አይለውም፤ ውሉን ለማቋረጥም ሦስት ወር አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት። ኪራይ ላልከፈለና ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሌላ ላከራየ ግን ይህ ጥላ ይታጠፍበታል፤ ያኔም ቢሆን የሚያስወጣው ዳኛ ነው እንጂ ጉልበት አይደለም። የእኛ ልጅ ግን ጥላው ሲዘረጋም ሲታጠፍም ስሟ የለም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶቻችን ይህን ዓይተው ነው።

ቡና አፈላች፤ ለተቀመጠ ሽማግሌ ሌላ ምን ይደረጋል? እሳቸውም አቦሉን ጠጡ፣ ቶናውን ጠጡ፣ በረካው ላይ ሲደርሱ «ልጄ፣ ገንዘቡን የበላው እሱ ነው፣ የቀረውን ከእሱ ጋር እንነጋገራለን» አሉ። በማግስቱም አዲስ ውል አስጽፈው ወደ በለዲያ ሄዱና አስመዘገቡት። ወረቀቱ እጇ ሲገባ አረብኛው አልነበበላትም፤ «የቱ ነው የእኔ?» ብላ ጠይቃ፣ ሲያሳዩዋት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

ዓመታት አለፉ፣ እኛም አገር የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጣ፣ እና አንድ ቀን ታናሽ እህቷ ከአዲስ አበባ ደወለች፣ ቤት አገኘሁ ብላ። የእኛ ልጅ የሳሎኑን ስፋት አልጠየቀችም። «ውሉ ሁለት ዓመት ነው? ከዚያ አይነስ። ቅድመ ክፍያስ? ከሁለት ወር በላይ አይቻልም በይው። በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡት፣ እሺ?» አለች። እህቷም እየሳቀች «እሺ፣ እሺ» አለች።

«አሁን ስምሽን ከወረቀቱ ላይ አንብቢልኝ።»

አነበበችላት፣ ከነአባት፣ ከነአያት።

«አንዴ ድገሚልኝ» አለች።